አጥንት ቆጥሮ መሬት

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሁለት ነገር አወጁ። አንዱ የአዲስ አበባን መሬት የሚመለከት ነው። በከተማው ቦታ የያዘ ሰው ይዞታው በጽሑፍ እንዲረጋገጥለት፣ እንዲሸጠውና ለልጁ እንዲያወርሰው የፈቀደ ደንብ ነበር። ሌላው የወጣው ስለ ሠራተኛ ክብር ነው። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ የሚጽፈውን «ጠንቋይ» እያለ የሚያዋርድ ሁሉ ከእንግዲህ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠርና አንድ ዓመት እንደሚታሰር ያስጠነቅቃል። የመጀመሪያው አዋጅ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ከተማዋ አመሠራረት ሲወራ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የንጉሡ ሥልጣኔ ወዳድነት ሲወደስ። ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን ሁለቱም የሚያንኳኩት አንድ በር ነው። በዚህ አገር አንድ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ሳይባል፣ በገዛ ስሙ፣ ንብረትም ክብርም ሊኖረው ይችላል ወይ?

በደጋው አገር ለዘመናት የነበረው መልስ ግልጽ ነው፤ መሬት የሚገኘው አጥንት ተቆጥሮ ነው። አንድ አቅኚ አባት ጫካውን መንጥሮ ያቀናው አገር ለዘሩ ሁሉ ርስት ይሆናል። ከእርሱ የሚወለድ ማንም ሰው፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። አሜሪካዊው አጥኚ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት በቅርብ አይቶታል። ገበሬው ከብዙ አያቶቹ የትኛውን ጠርቶ የት ላይ ቢሟገት እንደሚያዋጣው የሚያሰላበት፣ ከማረሻው ባላነሰ ሙግቱ የሚያደክመው ዓለም ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል ለተፈናቀለው ተስፋ ነው፤ በይዞታው ላይ ላለው ግን ማስፈራሪያ። ዛሬ የሚያርሰውን ማሳ ነገ አንድ ዘመድ ነኝ ባይ የዘር ሐረጉን እየደረደረ መጥቶ ሊካፈለው ይችላል።

ይህን ሥርዓት ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ የተማረው ሰው ልማድ ነበር፤ እኔ አልስማማም። ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ርስት የምትጠይቅበት አገር በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ብዙ አልነበረም። ባለ ጉልቱ ግብር ይቀበላል፣ ያዝዛል፣ ያስገብራል፤ ገበሬውን ግን ከአባቱ አፈር ነቅሎ ሊጥለው አይችልም። ድኻም ቢሆን ባለ ርስት ቀና ብሎ ይሄዳል። መሬት ከዘር አይወጣም የሚለውም ቢሆን ሁልጊዜ እንደሚባለው ጥብቅ አልነበረም። በጎንደር ዘመን በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉ የመሬት ሽያጭ ውሎች ተገኝተዋል፤ ሻጩም ገዢውም፣ ሴቶች ሳይቀሩ፣ በስማቸው ተመዝግበዋል፤ ምስክሮቹም ተጠርተዋል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ እነዚህን ጽሑፎች ለዓመታት ሰብስቦ እንዳሳየው፣ በግል መግዛትና መሸጥ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም።

ችግሩ በሩ ላይ ነው። ወደ ርስት የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ነበር፤ በደም መዛመድ። ከደሙ ጋር ደግሞ ሳይነገር የሚታወቅ ሁለተኛ መለኪያ አለ፤ ሃይማኖት።

የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ድል ካደረጓቸው በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን አገር እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አልባ እንዲሆን መፍረዳቸውን ትውፊቱ ይናገራል። ነገሩ በአንድ አዋጅ አላለቀም። የሰሜን ተራሮች ውጊያ እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ቀጥሏል። አቅጣጫው ግን አንድ ነበር፤ መሬታቸውን እያጡ መጡ፤ መሬት ያጣ ሰው ደግሞ በእጁ ሥራ ይኖራል። ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ። ጎንደር ከተማ ሆና ስትነሣ ግንቦቿን ካነጹት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ለዚህ አገልግሎታቸው መሬትና ማዕረግ አግኝተው ነበር። ብዙኃኑ ግን በሰው መሬት ላይ የእኩል ወይም የሲሶ አራሽ፣ ማታ ማታ ደግሞ ወናፍ ነፊ ሆኖ ቀረ።

ቡዳ ናቸው፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ዓይናቸው ይበላል የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ጋር ነው። የታሪክ ምሁሩ የጄምስ ኩሪን ጥናት ያስተማረኝ የቅደም ተከተሉን ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ሕዝቡ ስለ ተናቀ መሬት ተከለከለ ብሎ ነው፤ የታሪኩ ሂደት ግን ወደ ተቃራኒው ያደላል። መጀመሪያ በጦርነት መሬት ተወሰደ፤ መሬት የሌለው ሰው እሳትና ጭቃ ወደሚነካ ሙያ ገባ፤ ቀጥሎ ሙያው አስፈሪ ሆነ፤ በመጨረሻም ፍርሃቱ ራሱ መሬቱን ለመከልከል ምክንያት ሆኖ አገለገለ። ማረሻውን ከቀጥቃጩ የሚገዛው ገበሬ፣ በዚያው ሰው ዓይን ልጄ ተበላ ብሎ ይከሰዋል። ማረሻውን ግን አይመልስለትም።

በ1660 ዓ.ም. ገደማ በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ጊዜ ጎንደር ላይ የተደረገው ጉባኤ መለያየቱን ከልማድ ወደ ሕግ አወጣው። ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ዛሬ አዲስ ዓለም የሚባለው የጎንደር ሰፈር ቀድሞ እስላም ቤት ይባል ነበር። ሙስሊሙ በንግድ ተሠማራ፤ ነጋዴነት ተፈጥሮው ስለሆነ ግን አይደለም። ርስት የማይነካ ሰው ሀብቱን በቅሎ ላይ ጭኖ ቢዞር ምን ይደንቃል? «ሰማይ አምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለውን ክፉ ተረት ትውልድ ሲቀባበለው ኖሯል። ተረቱ የሚናገረው ስለ እምነት ይመስላል፤ አገር የለውም ማለት ግን በደጋው ገበሬ ቋንቋ መሬት የለውም ማለት ነው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን መኳንንት «ክርስትና ተነሡ» ሲሏቸውም ከጥምቀቱ ጀርባ የቆመው ጥያቄ የሹመትና የአገር ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ኋላ ራስ ሚካኤል የተባሉት፣ ተጠምቀው ወሎን እንደገዙ ይታወቃል።

በደቡብና በምዕራብ ተመሳሳዩ ነገር በሌላ መልክ ይገኛል። በጉራጌ ፉጋ እየተባሉ የሚናቁት ሰዎች የቤቱን ምሰሶ ያቆማሉ፤ እንሰት ግን አይተክሉም ነበር። በጋሞ ደጋማ ቦታዎች ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው ከመሬቱም ከማዕዱም የተገለሉ ነበሩ። በከፋ መንጆዎች እንዲሁ። ስለዚህ ነገሩን የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ ሃይማኖት ኃጢአት አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ካርታውን በሙሉ አላየም።

ወደ ምኒልክ አዋጆች ስንመለስ፣ የስድቡ አዋጅ ብዙም እንዳልሠራ እናውቃለን፤ ስድብ በእስር አይጠፋም። የከተማው መሬት ደንብ ግን ጸጥ ብሎ ሥራውን ሠርቷል። በአዲስ አበባ ገንዘብ ያለው ሰው ቦታ ሲገዛ አጥንቱን የሚቆጥርበት አልነበረም። ጉራጌው፣ ሐረሬው፣ አርመኑ፣ የመናዊው በየፊናው ሱቅና ቤት አቆመ። መርካቶ የቆመው በዚህ ዓይነት ሰዎች ላይ ነው። ፍቅር ነበር እያልኩ አይደለም፤ በመንገድ ላይ ስድቡ ነበር። ነገር ግን የተሰደበው ሰው ማታ የሚገባበት በስሙ የተመዘገበ ቤት ነበረው፤ ቤቱን ለማቆየት የሰዳቢውን መልካም ፈቃድ አይጠብቅም።

በዚያው ዘመን ይህን ነገር በሐሳብ ደረጃ ከማንም ቀድሞ የያዘው ጸሐፊው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይመስለኛል። ስለ ዐፄ ምኒልክ በጻፈው ጽሑፉ የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥቱ ገንዘብ እንዲለይ፣ ገበሬው የሚከፍለው ግብር አስቀድሞ የታወቀ እንዲሆን፣ የሃይማኖት ነፃነት እንዲሰጥ ጠይቋል። በእርሱ ዓይን እነዚህ ሦስቱ የተነጣጠሉ አይደሉም። የሠራውን ነገ ማን እንደሚወስድበት የማያውቅ ሰው አይሠራም፤ በእምነቱ ምክንያት ሊባረር የሚችል ሰው ደግሞ ዛፍ አይተክልም። ገብረ ሕይወት በ30ዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ሞተ፤ ምክሩም አብሮት የተቀበረ ያህል ነው።

የግል ንብረትን ለማመስገን የሚቸኩል ሰው ወደ ደቡብ ሲወርድ መሰናክል ያገኛል። እዚያ መሬቱ በቀላድ ተለክቶ፣ በጋሻ ተቆጥሮ፣ የሚሸጥና የሚለወጥ ሆኖ ነበር። ሆኖም የተለካው ከዘመቻ በኋላ ነው። ለዘመተው፣ ለቤተ ክህነቱና ለመንግሥት ከተከፈለ በኋላ ለአገሬው ባላባት ሲሶው ይተውለታል፤ ተራው ገበሬ በአያቱ መሬት ላይ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ያለ ሕግ ንብረቱን እንዳያጣ ይደነግጋል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ባለሀብትነትን በጥንቃቄ ተርጉሞ አስቀምጧል። ሁለቱም የጠበቁት ባለ ወረቀቱን ነው። በ1960ዎቹ በአርሲ ጭላሎ፣ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የካዱ ፕሮጀክት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያመጣ መሬቱ ዋጋ አወጣ፤ ባለ መሬቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኞቻቸውን አባረሩ። በወረቀት ላይ የግለሰብ መብት ነበር። በማሳው ላይ ግን ባለ መብቱና መብት አልባው በአብዛኛው የሚናገሩት ቋንቋ የተለያየ ነበር።

በሰሜን ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አውጥቶ የገበሬውን መሬት ሊገምት ሲነሣ ጎጃም በ1960 ዓ.ም. ሸፈተ። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም፤ ቀላድ ሊጣልብን ነው፣ ርስታችን ተለክቶ የግለሰብ ሊሆን ነው፣ ቀጥሎም እንደ ደቡቡ ሰው ጭሰኛ ልንሆን ነው ብሎ ነው። አውሮፕላን ሳይቀር ተልኮበት በመጨረሻ መንግሥት ግብሩን ተወ፤ አገረ ገዥውም ተነሡ። አጥንት ቆጥሮ የሚኖረው ባለ ርስት ደቡብ ላይ የደረሰውን አይቶ፣ «የግል» የሚባለውን ነገር ከቅሚያ ለይቶ ማየት አልቻለም። እኔ በእርሱ ቦታ ብሆንም የማደርገው ይኸንኑ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ተማሪው ዋለልኝ መኰንን በ1962 ዓ.ም. ኅዳር «ታገል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ የብሔረሰቦችን ጥያቄ አነሣ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የትውልዱ መለያ ሆኑ። አንድ ሦስተኛ ጥያቄ ግን ሳይነሣ ቀረ፤ መሬቱ ለአራሹ ከተሰጠ በኋላ አራሹ ሊሸጠው፣ ሊያስይዘው፣ ትቶትም ሊሄድ ይችላል ወይ? በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን በአዲስ አበባ እስከዚያ ቀን ያልታየ ትልቅ ሰልፍ ያደረጉት ሙስሊሞችና አብረዋቸው የወጡ ክርስቲያኖች የጠየቁት እኩልነት ወደዚህ ይቀርብ ነበር። እንደ ቡድን ለመታወቅ ወጡ፤ የፈለጉት ግን እንደ ማንኛውም ዜጋ መቆጠርን ነው።

ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን የያዘው ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሀብት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ አይዝም፤ መሸጥ፣ ማከራየት፣ ማስያዝና ማውረስ ተከለከለ። አዋጁ ያለ ፆታ ልዩነት፣ በገዛ ጉልበቱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ መሬት ይሰጣል ይላል። የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም። ለአርሲና ለወለጋ ጭሰኛ ይህ ከባርነት የመውጣት ያህል ነው፤ ለጎንደሩ ቤተ እስራኤል ደግሞ ከብዙ ትውልድ በኋላ በስሙ ማሳ የተቆጠረለት ያኔ ነው። ጎረቤቱ በደስታ አልተቀበለውም። በ1969 ዓ.ም. ደርግን የሚቃወመው ኢዲዩ በአካባቢው ሲዋጋ አዲስ መሬት ያገኙትን እየለየ ያጠቃበት ቦታ ነበር፤ ብዙዎችም መንደራቸውን ለቀው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ቤተ እስራኤልን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የወሰደው ዘመቻ ሙሴ፣ ቀጥሎም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ያጓጓዘው ዘመቻ ሰለሞን። በዘመቻ ሙሴ እስራኤል የደረሱትን የጠበቃቸው ነገር ሳያስገርም አይቀርም። ዋና ረቢዎቹ አይሁድነታቸው እንዲጸና በውኃ የመንከር ሥርዓት ካልፈጸማችሁ አሏቸው፤ እነርሱም በ1978 ዓ.ም. መባቻ ኢየሩሳሌም ላይ በረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ዐፄ ይስሐቅ ተጠመቁ ብለው ርስት እንደከለከሉ የሚተርክ ሕዝብ፣ ከ500 ዓመት በኋላ ሌላ መንግሥት ውኃ ግቡ ሲለው ምን እንደ ተሰማው መገመት አይከብድም። ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለችው በወለቃ መንደር ግን ያ ይናቅ የነበረው ጥቁር ሸክላ አሁንም ይሸጣል፤ ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው።

አዋጅ ቁጥር 31 ርስትንም ጭሰኝነትንም አጥፍቷል፤ በምትካቸው ግን አንድ አከራይ ብቻ፣ መንግሥትን፣ አስቀረ። መሬቱን የሚያድለው የገበሬ ማኅበር፣ ልጁን ለጦር የሚመለምለውም እርሱ፣ የእህል ኮታ የሚጥለውም እርሱ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ሲሰፍር «አልሄድም፣ ማሳዬ እዚህ ነው» ለማለት የሚያስችል ወረቀት በእጁ የያዘ ማንም አልነበረም።

ከደርግ ውድቀት በኋላ መሬት የመንግሥት ሆኖ የመቆየቱ አደጋ በግልጽ የታየው በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው ድልድል ነው። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ሥልጣን ላይ የነበሩ «ቢሮክራሲ»፣ የቀድሞ ባላባት ወገኖች ደግሞ «ፊውዳል» የሚል ስም ተሰጣቸው፤ ይዞታቸውም ወደ 4 ጥማድ፣ ማለትም 1 ሔክታር ገደማ ተቆረጠ። ሌላው ገበሬ ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል፤ እነርሱ አይችሉም። ጥፋተኛ ናችሁ ብሎ የፈረደባቸው ፍርድ ቤት የለም። ይህ የሆነው በአንድ ክልል፣ በአብዛኛው በአንድ ቋንቋ ተናጋሪ፣ በአንድ ሃይማኖት ሰዎች መካከል ነው። ንብረት በቡድን ሲታደል ቡድን ባይኖር እንኳ ይፈጠራል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ፣ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት አድርጎ ደነገገ። መሬት እንዳይሸጥ መከልከሉ በድርቅ ጊዜ ድኻው ማሳውን በርካሽ እንዳይጥል ለመከላከል ነው የሚለው ክርክር ውኃ የሚያነሣ ነው፤ የ1977ን ረኃብ ያየ ሰው ይህን አይንቅም። ያሳሰበኝ ሌላው ግማሽ ነው። ባለቤቱ ብሔር ከሆነ፣ ከብሔሩ ውጭ የሆነው ነዋሪ ምንድን ነው? የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መልሱን በ2ኛው አንቀጽ ጽፎታል። ሌሎች ነዋሪዎች ቢታወቁም የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። እነዚህ ሕዝቦች በባሪያ ፍንገላና በንቀት ለትውልድ የተበደሉ ስለሆኑ ጥበቃ መፈለጋቸውን እረዳለሁ። አጻጻፉ ግን የድሮውን የርስት ዳኛ ያስታውሳል፤ አጥንትህን ቁጠር ይላል። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ቦታ የመኖር ነፃነት አለው ሲል፣ በሌላ አንቀጽ የሚኖርበትን መሬት ለሌላ ሰጥቶበታል።

በ2004 ዓ.ም. ከጉራ ፈርዳ፣ በ2005 ዓ.ም. ከካማሺ ዞን ለዓመታት ሲያርሱ የኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ አማርኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ተባረሩ። የካማሺውን መንግሥት ራሱ ስሕተት ነው ብሎ ተመለሱ አላቸው። ስሕተትን እንዲህ ማመን በዚህ አገር ያልተለመደ ስለሆነ ሊነገርለት ይገባል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ክልሎች የሆነው ግን ከዚያ የከፋ ነው፤ «መጤ» እና «ነባር» የሚሉት ቃላትም የሰው ሕይወት የሚወስኑበት ዘመን መጣ።

በዚሁ ጊዜ ግን ብዙ ሰው ያላስተዋለው ጸጥ ያለ ሥራ ይካሄድ ነበር። ትግራይ በ1990 ዓ.ም. የጀመረችው የይዞታ ማረጋገጫ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ተስፋፍቶ በሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ አባወራዎችና እማወራዎች ደብተር ተሰጠ። በአማራ ክልል ደብተሩ የባልና የሚስትን ፎቶ ጎን ለጎን ይዟል። ባል ብቻውን መሬቱን አከራይቶ ብሩን ይጠጣ የነበረበት ቤት፣ ሚስት ደብተሩን ከሣጥኗ አውጥታ ሽማግሌ ፊት የምታቀርብበት ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቀደ። ባለቤትነት አይደለም፤ ነገር ግን በስም፣ በፎቶና በወሰን የተለየ የአንድ ሰው መብት ነው። ምኒልክ ለአዲስ አበባ የሰጡት ወረቀት ገጠር ለመድረስ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

ገበሬው አሁን በሣጥኑ ሁለት ዓይነት ወረቀት አለው። በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ፣ የማሳው ስፋትና በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስኑት ሰዎች ተጽፈዋል። በብዙ ቦታ ሲሰጥ በኖረው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ደግሞ «ብሔር» የሚል መስመር አለ። አዲስ አበባ ይህን መስመር ከመታወቂያዋ አውጥታዋለች፤ ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያም አይጠይቅም። በክልል ሕገ መንግሥቶች ውስጥ የባለቤቶቹ ዝርዝር ግን እንደ ተጻፈ አለ።